በተያያዥ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚደረግ የሻንጣ ፍተሻ፤ አሠራሩ፣ ደንቡና የመንገደኛው ኃላፊነት

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በረራዎችን በአንድ ትኬት አያይዞ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሻንጣውን በመነሻው አስረክቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው በመጨረሻው መድረሻ ነው። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ሻንጣው ከባለቤቱ ተለይቶ በሌሎች ሰዎች እጅ ያልፋል፣ ከአንድ አገር ሥልጣን ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይፈተሻል። ባለቤቱ በቦታው ባይኖርም በሻንጣው ውስጥ ለሚገኘው ነገር ተጠያቂነቱ ከእርሱ አይለይም።

ጉዳዩ ከዋና ከተሞች ርቀው ለሚኖሩ ዜጎችም ቅርብ ነው። ከደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ካሉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ለሥልጠና፣ ለስብሰባ፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው በአየር መሄድ ሲፈልግ በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ይደርሳል። ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ቦሌ፣ ከቦሌ ደግሞ ወደ ዱባይ፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ዋሽንግተን ይቀጥላል። ጉዞው ገና ከመነሻው ተያያዥ በረራ ነው ማለት ነው። በመሆኑም የፍተሻውን አሠራር ማወቅ ለተጓዡም፣ ሠራተኞቹን ወደ ውጭ ለሚልክ መሥሪያ ቤትም ጠቃሚ ይሆናል።

ሦስት የተለያዩ ቁጥጥሮች

በተለምዶ "ፍተሻ" በሚል አንድ ስም የሚጠሩት በዓላማቸው የተለያዩ ሦስት ቁጥጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው የበረራ ደህንነት ፍተሻ ሲሆን ዓላማው ፈንጂ፣ ተቀጣጣይ ነገር ወይም ሌላ አውሮፕላኑን ለአደጋ የሚያጋልጥ ዕቃ እንዳይጫን መከላከል ነው። ሁለተኛው የጉምሩክ ቁጥጥር ሲሆን ቀረጥ የሚከፈልባቸውን፣ የተከለከሉና ገደብ የተጣለባቸውን ዕቃዎች ይመለከታል። ሦስተኛው አደንዛዥ ዕፅ፣ የዱር እንስሳት ውጤቶች፣ ቅርሶችና ሌሎች ሕገ ወጥ ዕቃዎች እንዳይዘዋወሩ የሚደረግ የወንጀል መከላከል ሥራ ነው።

የደህንነት ፍተሻ ሻንጣው ከመጫኑ በፊት የሚከናወን ሲሆን የጉምሩክ ቁጥጥር በዋናነት ሻንጣው ወደ አንድ አገር ሲገባ ወይም ከአገር ሲወጣ ይፈጸማል። ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከታተሉ አካላት ግን ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው የሚሸጋገርን ሻንጣም በማናቸውም ጊዜ ሊፈትሹ ይችላሉ። መንገደኛው በመተላለፊያው አገር መግቢያ በር ስላላለፈ ሻንጣው የዚያን አገር ሕግ አይነካም የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው።

የፍተሻው ታሪካዊ አመጣጥ

በአሁኑ ጊዜ የሚሠራባቸው ደንቦች በከፍተኛ የሰው ሕይወት መጥፋት የተገኙ ትምህርቶች ውጤት ናቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1985 የኤር ኢንዲያ በረራ ቁጥር 182 በአየርላንድ የባሕር ጠረፍ አቅራቢያ በአየር ላይ ፈንድቶ 329 ሰዎች ሞተዋል። ፈንጂውን የያዘው ሻንጣ በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ለሌላ አየር መንገድ ተሰጥቶ በቶሮንቶ ወደ ኤር ኢንዲያ የተዛወረ ነበር። ሻንጣውን ያስረከበው ሰው ግን በአውሮፕላኑ አልተሳፈረም። በዚያን ዕለት በቶሮንቶ የነበረው የኤክስሬይ መሣሪያ በመበላሸቱ ቀሪዎቹ ሻንጣዎች የተፈተሹት በእጅ በሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ነበር። በዚሁ ቀን ከቫንኩቨር ተነሥቶ ወደ ሌላ የኤር ኢንዲያ በረራ ሊዛወር የነበረ ሁለተኛ ሻንጣ በጃፓን ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ፈንድቶ ሁለት የሻንጣ ሠራተኞችን ገድሏል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1988፣ የፓን አሜሪካን በረራ ቁጥር 103 በስኮትላንድ ሎከርቢ ከተማ ላይ ፈንድቶ በአውሮፕላኑ የነበሩት 259 እና በምድር የነበሩ 11፣ በድምሩ 270 ሰዎች ሞተዋል። ጉዳዩን የመረመረው የስኮትላንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጠው ፍርድ፣ ፈንጂ የተደበቀበት ሻንጣ ከማልታ ያለ ባለቤት ተጭኖ በፍራንክፈርት አድርጎ ለንደን ሂትሮው እንደደረሰና በዚያም ወደ ኒው ዮርክ በረራ እንደተዛወረ አረጋግጧል። በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1989 ከብራዛቪል ተነሥቶ በንጃሜና አድርጎ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የፈረንሳዩ ዩ.ቲ.ኤ. አውሮፕላን በኒጀር በረሃ ላይ ሲፈነዳ 170 ሰዎች አልቀዋል። ፈንጂው የነበረው በብራዛቪል በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

የእነዚህ አደጋዎች የጋራ ትምህርት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ማረፊያ የፈተሸውን ወይም ሳይፈትሽ ያሳለፈውን ሻንጣ ሁለተኛው በእምነት ብቻ ሲቀበል ጉድለቱ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል።

ዓለም አቀፉ ደንብ

የሲቪል አቪዬሽን ደህንነትን የሚመለከተው ዋና ሰነድ፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካዎ) እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 ያጸደቀው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 17 ነው። በዚህ አባሪ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ከመነሻው የሚጫን እያንዳንዱ ሻንጣ ከመጫኑ በፊት መፈተሽ አለበት።

የሚተላለፍ ሻንጣም እንደገና ወደ አውሮፕላን ከመጫኑ በፊት መፈተሽ ይኖርበታል። ደንቡ አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ያስቀምጣል። የመተላለፊያው አገር የመነሻው አገር ያደረገውን ፍተሻ በየጊዜው እያረጋገጠ የሚቀበልበት አሠራር ከዘረጋ፣ ሻንጣውም ከመነሻው ጀምሮ ማንም እንዳይነካካው ሆኖ ከተጠበቀ፣ ዳግመኛ ፍተሻው ሊቀር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከሲንጋፖር የሚመጡ ሻንጣዎችን በዚህ መልክ ይቀበላል። ይህ ዓይነቱ እውቅና ከሌለው አገር የተነሣ ሻንጣ ግን በመነሻው የቱንም ያህል ቢፈተሽ በመተላለፊያው እንደገና ይፈተሻል። ስለሆነም ዳግመኛ ፍተሻ በመንገደኛው ላይ የተለየ ጥርጣሬ መኖሩን አያመለክትም።

ሌላው መሠረታዊ ደንብ ሻንጣን ከባለቤቱ ጋር ማስታረቅ የሚባለው ነው። ሻንጣው ተጭኖ ባለቤቱ ካልተሳፈረ፣ ሻንጣው ብቻውን የሚጓዝ ተብሎ ተለይቶ ተጨማሪ ፍተሻ ካልተደረገለት በስተቀር መጓዝ አይችልም። አንድ መንገደኛ በመተላለፊያ አዳራሽ ዘግይቶ በረራ ሲያመልጠው ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ሆድ ተፈልጎ እስኪወርድ ድረስ ሌሎች መንገደኞች የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻው የሚከናወንባቸው ደረጃዎች

በትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሻንጣው የሚፈተሸው በተከታታይ ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሻንጣው በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ እንዳለ ፈንጂ የሚለይ ማሽን ምስሉን መርምሮ በራሱ ውሳኔ ይሰጣል። ማሽኑ ያላሳለፈውን ሻንጣ ምስል በሁለተኛው ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ይመለከታል። ጥርጣሬው ካልተወገደ በሦስተኛው ደረጃ ዕቃውን ከየአቅጣጫው በሚያሳይ መሣሪያ ወይም የፈንጂ ቅንጣት በሚለይ የመጥረጊያ ናሙና ይመረመራል። በአራተኛው ደረጃ ባለቤቱ ተፈልጎ ሻንጣው ይከፈታል። ከዚያ ያለፈው የፈንጂ አምካኝ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

በኤክስሬይ ምስል ላይ ምግብ፣ ልብስና ፕላስቲክን የመሰሉ ነገሮች ብርቱካናማ፣ ብረታ ብረት ሰማያዊ፣ የተቀላቀሉትና መካከለኞቹ ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። አብዛኞቹ ፈንጂዎች በብርቱካናማው ክፍል የሚመደቡ በመሆናቸው ጥቅጥቅ ያለ ምግብ ከእነርሱ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ ከአንድ ሻንጣ የተወሰደ ናሙና የፈንጂ ምልክት በማሳየቱ ማረፊያው ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። በመጨረሻ በሻንጣው ውስጥ በነበሩት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች የተገኘው ማር ነበር።

የመለያው ወረቀት ትርጉም

በሻንጣው እጀታ ላይ የሚታሰረው መለያ ወይም ታግ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ይዟል። የመጀመሪያው አሃዝ የሻንጣውን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ ሦስት አሃዞች መለያውን የሰጠውን አየር መንገድ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ደግሞ የሻንጣውን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 071 ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ውሳኔ ቁጥር 753 መሠረት፣ አባል አየር መንገዶች ሻንጣውን ሲረከቡ፣ ሲጭኑ፣ ለሌላ በረራ ሲያስተላልፉና ለባለቤቱ ሲመልሱ መዝግበው መያዝ አለባቸው።

መንገደኛው ለሻንጣው የሚሰጠው ትንሽ ቁራጭ ወረቀት የዚህ ምዝገባ ማስረጃ ነው። ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የተፈጸመ አንድ ድርጊት ያሳያል። ከብራዚል ጎያኒያ ተነሥተው በሳኦ ፓውሎ በኩል ወደ ጀርመን የተጓዙ ሁለት ሴቶች፣ በስማቸው በተለጠፉ ሻንጣዎች 40 ኪሎ ግራም ገደማ ኮኬይን ተገኘ ተብለው ፍራንክፈርት ላይ ታሰሩ። ሴቶቹ ሻንጣዎቹን አይተዋቸውም አያውቁም ነበር። በሳኦ ፓውሎ የሻንጣ ማዘዋወሪያ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች መለያዎቹን ገንጥለው በሌሎች ሻንጣዎች ላይ መለጠፋቸው በካሜራ ምስል ተረጋግጦ የተለቀቁት ከ38 ቀናት እስራት በኋላ ነው። የሻንጣን ቀለም፣ መጠንና ክብደት በፎቶግራፍና በደረሰኝ ማስቀረት ተገቢ ጥንቃቄ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በቦሌ የሚደረገው ቁጥጥር

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከአፍሪካ ዋና ዋና መተላለፊያዎች አንዱ ነው። ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የማስፋፊያ ሕንፃ የማረፊያውን ዓመታዊ አቅም ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች አሳድጎታል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቧል። በቦሌ ከሚያልፉት ዓለም አቀፍ መንገደኞች ከፍተኛው ክፍል መድረሻው ሌላ አገር በመሆኑ፣ የሚተላለፍ ሻንጣ ፍተሻ ለማረፊያው የዕለት ተዕለት ዋነኛ ሥራ ነው።

የአቪዬሽን ደህንነትን የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ሲመራ፣ የጉምሩክ ኮሚሽንና የፌዴራል ፖሊስ በየዘርፋቸው ይሠራሉ። የፌዴራል ፖሊስ በቦሌ በኩል ሊተላለፍ ሲል የተያዘ ኮኬይን በተለያዩ ጊዜያት ይፋ አድርጓል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወደ እስያ ሲጓጓዝ የሚያዝ የዝሆን ጥርስም ሌላው ችግር ነው። ኢትዮጵያ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6 ነጥብ 1 ቶን የዝሆን ጥርስ ማቃጠሏ ይታወሳል።

ይህ ሥራ ከአገር ገጽታ ጋር ብቻ የሚያያዝ አይደለም። በመተላለፊያ ፍተሻው ላይ እምነት ያጣ አገር ከዚያ የሚመጡ በረራዎችን በተጨማሪ ግዴታ ሊያስተናግድ ወይም ሊያግድ ይችላል። የዚህም ጫና መልሶ የሚያርፈው በአየር መንገዱና በተራው መንገደኛ ላይ ነው።

በመድረሻ አገሮች የሚታየው ልዩነት

አሜሪካ የሚደርስ መንገደኛ፣ ጉዞው ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል ቢሆንም፣ በመጀመሪያው መግቢያ ሻንጣውን ራሱ ተረክቦ በጉምሩክ ያልፋል፣ ከዚያም መልሶ ያስረክባል። በዋሽንግተን በኩል ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ሲያትል የሚሄድ ሰው መለያው ላይ የመጨረሻው ከተማ ተጽፎ ስላየ ሻንጣውን ትቶ መሄድ የለበትም። የመግቢያ ቁጥጥሩ አስቀድሞ በሚፈጸምባቸው እንደ ደብሊንና አቡ ዳቢ ካሉ ማረፊያዎች የሚነሣ ግን ይህ አይመለከተውም። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከለንደን ሂትሮው ወደ ዳላስ በሚደረጉ በረራዎች ዳግመኛ ፍተሻን የሚያስቀር የሙከራ አሠራር ተጀምሯል። በአሜሪካ የደህንነት ፈታሾች ባለቤቱ በሌለበት ሻንጣ ከፍተው ማየት ይችላሉ፤ የፍተሻ ማስታወቂያ ወረቀትም ውስጡ ትተው ይዘጋሉ።

በአውሮፓ ኅብረት አሠራሩ የተለየ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ ወደ በርሊን የሚቀጥል መንገደኛ የእጅ ሻንጣው በመጀመሪያው፣ የተጫነው ሻንጣው ደግሞ በመጨረሻው ማረፊያ በጉምሩክ ይታያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ እጅግ ጥብቅ ሲሆን፣ ጫት በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ክልክል ነው። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸውን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወደ ኤምሬትስ ይዞ ለመግባትም ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከአገር ቤት የሚዘጋጅ ስንቅና ሌሎች ዕቃዎች

ከደቡብ ጎንደር የሚወጣ ሻንጣ ብዙውን ጊዜ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤና ማር ይይዛል። ለውጭ ዘመድ የሚላክ ስንቅ ክብር ያለው ስጦታ ቢሆንም፣ ለፍተሻ ማሽን ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ክምር ነው። ስንቁን በየዓይነቱ ለይቶ፣ በሚያሳይ ዕቃ አሽጎና ስሙን ጽፎ ማስቀመጥ ሻንጣው ቢከፈት እንኳ ፈታሹ በቶሎ እንዲያሳልፈው ይረዳል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን ማስገባት ስለማይፈቀድ ቋንጣና ቅቤ ይወረሳሉ። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። ወደ አሜሪካ ቋንጣ ማስገባት የተከለከለ ሲሆን፣ ማናቸውንም ምግብ በመግቢያው ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

በቤት የተጠመቀ አረቄ በመጫኛ ሻንጣ ማስገባት አይቻልም፤ የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ የሚፈቀደው በፋብሪካ እንደታሸገ ሆኖ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ብቻ ነው። የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በተጫነ ሻንጣ አይፈቀዱም። ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በተለምዶ 20 ሺህ ሚሊአምፒር የሚባለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ላይተር፣ ክብሪትና የጋዝ ምድጃም በተጫነ ሻንጣ ውስጥ መገኘት የለባቸውም። በተለይ በገጠር አካባቢ ለሌላ አገልግሎት የቆየ ቦርሳ ለጉዞ ሲዘጋጅ፣ በኪሱ የተረሳ አንድ ጥይት እንኳ ለእስር ሊዳርግ ስለሚችል ኪስ ሁሉ መፈተሽ አለበት።

አካባቢው የጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት መገኛ በመሆኑ የቅርስ ጉዳይም ልዩ ትኩረት ይሻል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ለስጦታ የተገዛ አዲስ መስቀል ወይም የብራና ጽሑፍ የያዘ ሰው ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አስቀድሞ ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይኖርበታል።

ከሰው የሚቀበሉት ዕቃ

በአገራችን ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው "ይህቺን አድርስልኝ" ብሎ ዕቃ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም ኢትዮጵያውያን ከሰው ተቀብለው በያዙት ዕቃ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ ተብለው በውጭ አገር የታሰሩባቸው ጉዳዮች በተለይ በ2011 ዓ.ም. ብዙ አነጋግረዋል። ሻንጣው በተያያዥ በረራ ሲጓዝ ባለቤቱ የሚጠየቀው በመጨረሻው አገር ሕግና ቋንቋ ነው። ዕቃውን የሰጠው ሰው በዚያ አይገኝም። በቼክ ኢን ጊዜ "ሻንጣውን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?" ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ ለደንቡ ያህል የሚጠየቅ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ከፍቶ ያላየውንና ለይቶ የማያውቀውን ዕቃ አለመቀበል ነውር የለበትም።

የመንገደኛው መብት

ሻንጣ በፍተሻም ሆነ በዝውውር ምክንያት ሊዘገይ፣ ሊጎዳ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በዚህ ረገድ የአየር መንገዶችን ኃላፊነት ይደነግጋል። ጉዳት የደረሰበት ሻንጣ ከተረከቡት በ7 ቀናት፣ የዘገየ ደግሞ እጅ ከገባ በ21 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ሊቀርብበት ይገባል። ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ ያልደረሰ እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የካሣው ከፍተኛ ጣሪያ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1 ሺህ 519 ኤስ.ዲ.አር. ሲሆን፣ ይህም ከ2 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። ስለሆነም ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ የትምህርት ማስረጃና የመንግሥት ሰነድ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ አይመከርም።

ከጉዞ በፊት መታወስ ያለባቸው

ጉዞው በአንድ ትኬት ወይስ በተለያዩ ትኬቶች መሆኑን ማረጋገጥ ቀዳሚው ነው። ትኬቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ሻንጣውን በመተላለፊያው ተረክቦ እንደገና ማስረከብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚህም የመተላለፊያው አገር ቪዛ ይጠየቅ ይሆናል። ሻንጣው በሚረከቡበት ጊዜ በመለያው ላይ የተጻፈው መድረሻ ከትኬቱ ጋር መመሳሰሉን ማየት፣ የመለያውን ቁራጭ እስከ ጉዞው ፍጻሜ መጠበቅ፣ የቆዩ መለያዎችን ከሻንጣው ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ሠራተኞችን ወደ ውጭ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም ትኬት ሲቆርጡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመተላለፊያውን ቦታና የቆይታውን ጊዜ ማጤን ይኖርባቸዋል።

ሻንጣ ከባለቤቱ ተለይቶ በሚጓዝባቸው ሰዓታት ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው አንዲት መለያ ወረቀትና በየማረፊያው የሚደገም ፍተሻ ነው። ፍተሻውን ማከናወን የመንግሥታትና የአየር መንገዶች ግዴታ ሲሆን፣ በሻንጣው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አውቆ መነሣት ግን የመንገደኛው ድርሻ ነው።